የኦሎምፒክ መንደር ጠያቂዎች

ሐሙስ ማታ ስልኩ ካልጮኸ አክስቴ ቨርሊን መጀመሪያ የምትጠረጥረው ስልኩን ነው። ከቻርጀሩ ትነቅለዋለች፤ መልሳ ትሰካዋለች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እስኪ ደውይልኝ» ትላለች። አጠገቧ ተቀምጬ እደውላለሁ። ስልኩ ጭኗ ላይ ይጮኻል።

«ይሠራል» እላታለሁ።

«እሱማ ይሠራል።»

ያን ሐሙስ ጃሬል አልደወለም። ጃሬል የአክስቴ አንድ ልጅ ነው። እናቴ ስትሞት አክስቴ ወደ ቤቷ ስለወሰደችኝ ለእኔም ወንድሜ ነው። የታሰረው ከምንኖርበት ከብሮንክስ የአንድ ሙሉ ጠዋት መንገድ ርቆ፣ በሰሜን ተራሮች ውስጥ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ይፈታል ተብሏል። ጥፋት ካልተገኘበት ነው ታዲያ። አክስቴ ክፍሉን ቀለም አስቀብታለች፤ አዲስ አንሶላ ገዝታ አጥባ አስቀምጣለች። ስለ መፈታቱ ግን ጮክ ብላ አታወራም። እኔ ሳወራ ከሰማችኝ ጠረጴዛውን በጣቷ ሁለቴ ኳ ኳ አድርጋ «ተይ፣ አትጥሪው፤ ሟርት ይሆናል» ትለኛለች።

እንደኛ ሰው የታሰረባቸው ሴቶች አርብ ጠዋት ይደዋወላሉ። «ያንቺ ደወለ?» ነው ሰላምታው። የአንዷ ብቻ ከቀረ ነገሩ ቀላል ነው፤ አኩርፏል ወይም የስልክ ሒሳቡ አልቆበታል። የማንም ካልደወለ ግን ክፍሎቹ ሁሉ ተቆልፈዋል፣ ውስጥ የሆነ ነገር ተፈጥሯል ማለት ነው። ምን እንደሆነ የሚነግረን የለም።

ያን አርብ የማንም አልደወለም ነበር። ኢሳውራ ብቻ ሌላ ነገር ተናገረች። ኢሳውራ ከኛ ሕንፃ ማዶ ፀጉር ቤት ያላት ዶሚኒካዊት ናት፤ ልጇ ዊልኪን ከጃሬል ጋር አንድ ፎቅ ላይ ነው የታሰረው።

«የኔስ ጮኾ ነበር» አለች። «አነሳሁት። ማሽኑ ‹ከእስር ቤት ጥሪ አለዎት› አለኝ። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ እንደ ወንበር መውደቅ። ተቋረጠ።»

«ወንበር?» አለች አክስቴ።

«እንጃ። ወንበር ልበለው እንጂ።»

አክስቴ ስልኩን ዘግታ መልሳ ቻርጀሩ ላይ ሰካችው።

ቨርሊን ዕድሜዋን የሰጠችው ለትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌርነት ነው። ልጆች ሲንጫጩ በመስታወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ታያቸዋለች፤ ዝም ይላሉ። ጃሬል የታሰረ ሰሞን ለጥየቃ የምትሄደው እንደ ሌላው ሴት በኪራይ አውቶቡስ ነበር። ከጉዞዎቹ በአንዱ አንዲት ልጅ እግር ሚስት አረንጓዴ ሸሚዝ ለብሳ መጥታ ከበሩ መለሷት። አረንጓዴና ካኪ ለብሶ መግባት አይቻልም፤ የጠባቂዎቹና የእስረኞቹ ቀለም ነውና። ልጅቷ አውቶቡሱ እስኪመለስ ድረስ በረዶ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አክስቴ ጠይቃ ስትወጣ አገኘቻት። በሚቀጥለው ዓመት ከአውቶቡስ ሥራዋ ጡረታ ወጣችና ያገለገለች ሚኒባስ ገዛች።

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ሴቶቹን የምትወስዳቸው እሷ ናት። ከመኪናው ጀርባ አንድ ትልቅ ሻንጣ አላት፤ ውስጡ ጥቁር ሱሪ፣ ሰማያዊ ሹራብ፣ ብረት የሌለው ጡት መያዣ፣ በየልኩ የተለያየ ነገር አለ። ማንም ሴት ከመሳፈሯ በፊት አክስቴ ከእግር እስከ ራስ ታያታለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቡኒ ነው፣ ቨርሊን።»

«ላንቺ ቡኒ ነው። እነሱ ጋ ሲደርስ ካኪ ነው። ሂጂ ከሻንጣው ውሰጂ።»

በዚህ ምክንያት ከሷ ሚኒባስ ወርዳ ከበር የተመለሰች ሴት አልነበረችም።

ወህኒው ወዳለባት የተራራ ከተማ የመሄድ ምኞት በልጅነቷ ነበራት። የክረምት ኦሎምፒክ እዚያ ሲደረግ እሷ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጎረቤት ቤት ቁጭ ብላ በቴሌቪዥን አይታዋለች። ስፖርተኞቹ በፀጉር ባርኔጣ ተሰልፈው ሲገቡ «አንድ ቀን እዚያ እሄዳለሁ» ብትል ወንድሟ ሳቀባት፦ «አንቺ? የቤታችን ደረጃ ላይ ያለው በረዶ እንኳ ይጥልሻል!» ስፖርተኞቹ ያደሩበት መንደር ገና ሲሠራ ወህኒ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው፤ እነሱ ተውሰውት ነው። ያኔም ክፍሉ ጠበበን ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ ይባላል። ጃሬል መጀመሪያ እዚያ የገባ ጊዜ እናቱን ለማሳቅ «እማ፣ አልጋዬ ላይ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ ሰው ተኝቶበት ይሆናል እኮ» ይላት ነበር።

«እሱ ነቅቶ ወደ አገሩ ሄዷል» ትለዋለች። «አንተም ንቃ።»

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሳን። ኢሳውራ እንደ ወትሮው ከፊት፣ ከአክስቴ አጠገብ ተቀመጠች። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ሌሎቹ ሴቶች ኮታቸውን ተከናንበው ተኙ። በሌላ ቀን ኢሳውራ እስከ ወንዙ ድልድይ ድረስ የፀጉር ቤቷን ሐሜት ታወራለች፤ አክስቴም «ውሸታም!» እያለች መሪውን ትመታለች። ያን ቀን ድልድዩን ያለ ሐሜት አለፍነው። ሲነጋም ፀሐይ አልወጣችም። ሰማዩና በረዶው አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው የጥዱ ጫካ ብቻ በመካከላቸው ጠቆረ።

ተራሮቹ ከመጀመራቸው በፊት ካለው ነዳጅ ማደያ ቆምን። ጣሪያው ላይ የበረዶ መንሸራተቻ የጫነ መኪና አጠገባችን ቆሞ ነበር። ቀይ ጃኬት የለበሰ አባወራ ወደ አክስቴ መጣ።

«እናንተም ለጉብኝት ናችሁ? እኛ የኦሎምፒኩን የበረዶ ዝላይ ማማ ልናይ ነው። የስፖርተኞቹን መንደር ግን ካርታው ላይ አጣነው፤ ልጆቼ ማየት ፈልገው ነበር።»

«እኛ እናውቀዋለን» አለችው ኢሳውራ ከመኪናው መስኮት። «መግቢያው ቅርብ ነው፣ ጌታዬ። መውጫው ነው ሩቅ።»

ሰውየው ያልገባው ቀልድ እንዳለ ጠርጥሮ ሳቀ። አክስቴ አልሳቀችም። መንገዱን ታይ ነበር። መስኮቶቹ የተጋረዱ ነጭ አውቶቡስ ከሰሜን መጥቶ ወደ ደቡብ አለፈ። ምን እንደሆነ ሁላችንም አወቅን። ቅዳሜ ጠዋት እስረኛ አያዛውሩም፤ ካዛወሩ ጠብ ሲፈጠር፣ ተቧዳኞቹን ለመለየት ነው። ከኋላ የተኙት ሴቶች ሳይቀሩ ቀና ብለው አውቶቡሱን በዓይናቸው ተከተሉት፤ በተጋረደው መስኮት የሰው ፊት የሚታይ ይመስል።

«ዊልኪኔ እዚያ ውስጥ ቢኖርስ?» አለች ኢሳውራ።

«የለም» አለች አክስቴ።

«በምን አወቅሽ?»

«አላወቅሁም። ቀበቶሽን እሰሪ።»

ከተማዋ መግቢያ ላይ አምስቱ የኦሎምፒክ ቀለበቶች አሁንም ተተክለዋል። ሁለቱ የዝላይ ማማዎች ከጫካው በላይ ቆመዋል፤ ያን ቀን ጉም አናታቸውን ስለቆረጠው፣ ሰው ወጥቶባቸው መውረጃ ያጣባቸው ይመስሉ ነበር። ጎብኚዎቹ ወደዚያ ታጠፉ። እኛ ቀጥታ ሄደን፣ ስም የሌለበት ምልክት ያለበትን መንገድ ይዘን ጫካው ውስጥ ገባን። አጥሩ ከሩቅ ያበራል።

የጥየቃው በር ክፍት ነበር። ክፍት መሆኑን ስናይ አንዳንዶቹ አማተቡ። ኢሳውራ ቀድማ ገባች፤ እኔና አክስቴ ከኋላዋ ተሰለፍን። ጠረጴዛው ዘንድ ያለው ሽማግሌ ጠባቂ ለዓመታት የምናውቀው ነው፤ የሰውን ዓይን ሳያይ ክፉ ነገር መናገር የማይችል ሰው ነው። የዊልኪንን ስም በኮምፒውተሩ ፈለገና ቀና ብሎ አያት።

«ዛሬ አይጠየቅም፣ ወይዘሮ።»

«ለምን?»

«መናገር የምችለው ይህንኑ ብቻ ነው።»

«ታሟል? ተዛውሯል? እናቱ ነኝ እኮ!»

«አውቃለሁ። ይህንኑ ብቻ ነው።»

ኢሳውራ ቦርሳዋን አቅፋ ወደ ጎን ቆመች። ጠባቂው የጃሬልን ስም ፈለገ፤ ትንሽ ዘገየ። «ይጠየቃል» አለ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ታች ወረደና ፊቱ ቀላ።

«ወይዘሮ ቨርሊን... ሱሪዎ።»

አክስቴ ጎንበስ ብላ አየች። ካኪ ሱሪ ለብሳለች። ያን የሚያህል መንገድ አብረን ስንመጣ እኔም አላየሁትም፤ ማናችንም አላየናትም። የምታየን እሷ ነበረችና።

«ሻንጣው» አልኳት።

«ልብሶቹን አርብ ለማጠቢያ አወጣኋቸው» አለች ቀስ ብላ። «ስልክ ስጠብቅ... ማሽኑ ውስጥ ናቸው።»

ኢሳውራ የአክስቴን ክንድ ያዘችና ወደ ሚኒባሱ ወሰደቻት። በሩን ዘግታ ሰፊ ሰማያዊ ጉርድ ቀሚሷን አወለቀች።

«ልበሺ።»

«አንቺስ?»

«እኔ የት እሄዳለሁ? እዚሁ ብርድ ልብስ ውስጥ ነኝ። ማን ያየኛል፣ ድቡ?» ድምጿ ተሰበረና መልሳ ጠገነችው። «ስሚ ቨርሊን። ያንቺ ይጠየቃል ከተባለ ግቢ። የኔንም ጠይቂልኝ። ጃሬል ያውቃል፤ ያንድ ፎቅ ልጆች ናቸው። ዝም ብለሽ ‹ዊልኪንስ?› በይው።»

ቀሚሱ ለአክስቴ ሰፋ። መርፌ ቁልፍ በመፈተሻው ስለማያልፍ በፀጉሬ ላስቲክ ወገቡ ላይ ቋጠርኩላት።

ወደ ትልቁ አዳራሽ አልወሰዱንም። ሌሎቹ ሴቶች ወንበርና ጠረጴዛ ወዳለበት፣ ከመሸጫ ማሽን ምግብ እየገዙ አብረው ወደሚበሉበት ሲገቡ እኛን በኮሪደሩ ወደ ግራ መሩን። እዚያ መስታወት ያለባት ጠባብ ክፍል አለች። የአክስቴ እግር አንድ ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለች።

ጃሬል ከመስታወቱ ማዶ ገባ። ብርቱካናማ ለብሷል። ካኪ የሚለብሰው ተራው እስረኛ ነው፤ ብርቱካናማ ለብቻው የተዘጋበት ነው። ፊቱ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። አክስቴ መጀመሪያ ያንን አየችና ተነፈሰች። የመነጋገሪያውን ስልክ አነሳች፤ እኔ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ እማ።»

«ምን ሆነህ ነው ታዲያ እዚህ?»

ቀሚሱን እያየ ነበር። ኢሳውራ ስትጠይቅ በአዳራሹ ብዙ ጊዜ አይቶታል። «የማን ነው የለበስሽው?» አላት።

«የኢሳውራ ነው። እሷን ከለከሏት። ዊልኪንስ?»

ጃሬል ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ደረቱ ላይ ያዘው። አክስቴ መስታወቱን በጥፍሯ መታችው። መልሶ አነሳው።

«ሐሙስ ነው» አለ። «የስልክ ተራዬ ነበር። ገና ላነሳው ስል እሱ ከጎን መጣና አነሳው። ‹እናቴ ትጠብቃለች› አልኩት። ‹የኔም ትጠብቃለች› አለኝ፣ እየሳቀ። ቁጥሩን መታ። እኔ አንቺን አሰብኩ፤ ስልኩን ይዘሽ ቁጭ ብለሽ... ገፋሁት፣ እማ። ገፋሁት ብቻ ነው። በእጄ አልመታሁትም። ደረጃው ጫፍ ላይ ያለው ብረት ጭንቅላቱን አገኘው።»

«ተነሳ?»

«አልተነሳም።»

«ተናገረ?»

«ከጆሮው ደም ይወጣ ነበር። በቃሬዛ ወሰዱት። ከዚያ በኋላ የሚነግረኝ የለም። እማ፣ እሱ ከሞተ እኔ ከዚህ አልወጣም። አንቺ በሕይወት እያለሽ አልወጣም።»

አክስቴ ሳትቆጣውም፣ ሳታለቅስም መዳፏን መስታወቱ ላይ አሳረፈች፤ እሱም ከማዶ አሳረፈ። ጠባቂው «በቃ» ሲል ጃሬል እያለቀሰ ነበር። ልጅ እያለን ከጎረቤት ልጅ ጋር ተጣልቶ ሲመጣ እንደሚያለቅሰው፣ ከንፈሩን ነክሶ።

በረዶው እንደገና መውረድ ጀምሮ ነበር። ከበሩ እስከ ሚኒባሱ ስንሄድ እጇን ያዝኳት። «አክስቴ፣ ቤት ስንደርስ ብትነግሪያትስ?» አልኳት። «መንገዱ ረጅም ነው።»

«መንገዱ ረጅም ስለሆነ ነው» አለችኝ። «አጠገቤ አስቀምጬ ያን ሁሉ መንገድ ልዋሻት?»

ኢሳውራ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ከፊት ወንበር ትጠብቅ ነበር። «እህ? አየሽው? ደህና ነው ልጅሽ?»

«ደህና ነው።»

«ተመስገን! የኔስ?»

አክስቴ መሪው ፊት ተቀመጠች፤ ሞተሩን አላስነሳችም። ወደ ኢሳውራ ዞራ፣ ዓይኗን እያየች ነገረቻት። ጃሬል የነገራትን ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ የስልኩን ተራ፣ መግፋቱን፣ የደረጃውን ብረት፣ ደሙን። ለልጇ ማመካኛ የሚሆን አንድ ቃል አልፈለገችም።

ኢሳውራ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ «ወንበር አልነበረም» አለች።  እጇን ዘረጋች። አክስቴ ገባት፤ የራሷን ሱሪ ለብሳ ቀሚሱን ፈትታ ሰጠቻት። ኢሳውራ ለብሳ ወረደች፤ በበረዶው ዞራ ሄዳ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ሌሎቹ ሴቶች ከጥየቃው ሲመለሱ ኢሳውራን ከኋላ ሲያዩ ክፉ ነገር እንደተፈጠረ ሳይነገራቸው አወቁ። ሚኒባሱ ተነሳ። ወደ ዋናው መንገድ ስንደርስ ኢሳውራ ከኋላ ተናገረች።

«ሆስፒታሉ የት ነው?»

«አያስገቡሽም» አለች አክስቴ። «እስረኛ የት እንደተኛ ለቤተሰብ አይነግሩም።»

«የት ነው አልኩሽ።»

በዚያ አካባቢ ያለው ሆስፒታል አንድ ነው። አክስቴ ወደ ደቡብ መታጠፍ ሲገባት ወደ ሰሜን ታጠፈች።

«ልጄን ለጎረቤት ነው የተውኩት» አለች ከመካከል ያለች ሴት።

«አንቺ ዝም በይ» አለቻት ሌላዋ።

የሆስፒታሉ እንግዳ መቀበያ ሞቃት ነበር። እግራቸው በጀሶ የታሰረ የበረዶ ተንሸራታቾች ከነባለቀለም ጃኬታቸው ተቀምጠው ይሳሳቃሉ። ኢሳውራ ወደ ጠረጴዛው ሄደች፤ ስትደነግጥ እንግሊዝኛው ይጠፋባታል። የልጇን ስም ደጋግማ ከመጥራት ሌላ አልቻለችም። አክስቴ ከኋላዋ ደርሳ ቆመች።

«እናቱ ናት» አለች ለጸሐፊዋ። «ሐሙስ ማታ ከወህኒው ያመጡት ልጅ ነው። በሕይወት መኖሩን ብቻ ንገሯት።»

«እንደዚህ የሚባል ሰው አለ ወይም የለም ማለት አልችልም፣ እመቤት። እርስዎስ ምኑ ነዎት?»

አክስቴ የኢሳውራን ጀርባ አየች።  ኢሳውራ ሳትዞር «ከኔ ጋር ናት» አለች።

ሄደው ተቀመጡ። በመካከላቸው አንድ ባዶ ወንበር ነበር፤ እኔ አልተቀመጥኩበትም። ግድግዳው ላይ የድሮው ኦሎምፒክ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ችቦ፣ ባንዲራ፣ እየሳቁ ወደ መንደራቸው የሚገቡ ወጣቶች። ውጭ እየጨለመ ሄደ። ሚኒባሱ ውስጥ የቀሩት ሴቶች ሞተሩን አስነስተው ይሞቁ ነበር፤ ጭሱ በመስኮቱ ይታየኛል።

አንድ ጊዜ የሊፍቱ በር ተከፈተና የወህኒ ጠባቂ ወጣ። ያን የደንብ ልብስ የትም ብናየው አንስተውም። ወጣት ነበር፤ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። ከማሽኑ ቡና ቀዳ፤ ሌላም ቀዳ። ሁለቱን በሁለት እጁ ይዞ የሊፍቱን ቁልፍ በክርኑ ተጫነ።

አክስቴ ወደ ባዶው ወንበር ጎንበስ አለች።

«ኢሳውራ» አለች በሹክሹክታ። «ለሞተ ሰው ጠባቂ አያቆሙም።»

ኢሳውራ ዓይኗን ከሰውየው እጅ አልነቀለችም። «ሁለት ነው የያዘው።»

«አዎ፣ ሁለት ናቸው ማለት ነው።»

«ለማይነሳ ሰው ሁለት አያቆሙም። አይደል ቨርሊን? የሚነሳ፣ የሚራመድ ሰው ሲሆን ነው ሁለት የሚያስፈልገው።»

ባለፈው ዓመት ከኛ ሴቶች የአንዷ ባል እንደታሰረ በካንሰር ሲሞት፣ ክንዱን እንኳ ማንሳት አቅቶት፣ እስከ መጨረሻዋ ትንፋሹ ሁለት ጠባቂዎች አልጋው ግራና ቀኝ ነበሩ። ደንቡ ነው። ወደ ቀብሩ የወሰደችን አክስቴ ናት፤ ኢሳውራም ነበረች።

የሊፍቱ በር ሰውየው ላይ ተዘጋ።

«አያቆሙም» አለች አክስቴ።